የጆሮ ሽፍታና የፊት መጣመም፦ ስለ ራምሴ ሀንት ሲንድሮም



ዛሬ የምናገረው ብዙዎቻችሁ በሁለት የተለያዩ ስሞች ስለምታውቁት፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን በቶሎ ስለማይለይ ሕመም ነው። አንደኛው ስም አልማዝ ባለጭራ ነው። አልማዝ ባለጭራ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ጎንን ወይም ደረትን በአንድ ወገን የሚከብ፣ የሚያቃጥልና ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ነው። ሁለተኛው የፊት መጣመም ነው። በየሰፈሩ «ብርድ መታው»፣ «ምች መታው» እየተባለ የሚነገርለት፣ አፍ ወደ አንድ ጎን የሚሳብበትና ዓይን አልከደን የሚልበት ሁኔታ ማለት ነው። አልማዝ ባለጭራው የጆሮን አካባቢ ሲመርጥ፣ ፊትን የሚያንቀሳቅሰውንና ድምፅን የሚያደርሰውን ነርቭ አብሮ ሲጎዳ፣ ሕክምናው ራምሴ ሀንት ሲንድሮም ይለዋል።

ይህን ርዕስ የመረጥሁት ሕመሙ እጅግ ስለበዛ አይደለም። በአሜሪካ በተደረጉ ግምቶች በዓመት ከ100,000 ሰዎች መካከል 5 ያህሉን ብቻ ያጠቃል። የመረጥሁት ሐኪሙ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የሚያየው ወይም ሳያይ የሚያልፈው ነገር በበሽተኛው ፊትና ጆሮ ላይ ለዕድሜ ልክ የሚቀር ልዩነት ሊያመጣ ስለሚችል ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ከልጅነት ጉድፍ እስከ እርጅና ሽፍታ

የነገሩ መነሻ በልጅነት የሚይዘን ጉድፍ ወይም ቺክንፖክስ ነው። ሁለቱንም ሕመሞች የሚያመጣው ቫሪሴላ ዞስተር የተባለ አንድ ቫይረስ ነው። ይህን ማወቅ ግን ጊዜ ወስዷል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሃንጋሪያዊው የሕፃናት ሐኪም ያኖሽ ቮን ቦካይ አልማዝ ባለጭራ የያዘው ትልቅ ሰው ባለበት ቤት ሕፃናት በጉድፍ ሲያዙ አስተዋለና ሁለቱ ዝምድና ሳይኖራቸው አይቀርም አለ። በ1950ዎቹ ደግሞ ቶማስ ዌለር ቫይረሱን በላቦራቶሪ በማሳደግ ከሁለቱም ሕመሞች የሚገኘው አንድ መሆኑን አሳየ። በ1965 እንግሊዛዊው ኤድጋር ሆፕ ሲምሰን የራሱን በሽተኞች መዛግብት ለዓመታት መርምሮ፣ አልማዝ ባለጭራ ከውጭ የሚመጣ አዲስ ልክፍት ሳይሆን በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየው ቫይረስ እንደገና መንቃቱ ነው የሚለውን ሐሳብ በጥንቃቄ አቀረበ። ሆፕ ሲምሰን የትልቅ ተቋም ተመራማሪ ሳይሆን በአንድ አነስተኛ ከተማ የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም እንደነበረ ለተማሪዎቻችን ማስታወስ እወዳለሁ።

ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም። ከቆዳው በስሜት ነርቮች በኩል ተጉዞ ጋንግሊዮን ወደሚባሉት የነርቭ ሕዋሳት ክምችቶች ይገባና በዚያ ያንቀላፋል። ክምችቶቹ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ብቻ ሳይሆን በራስ ቅል ነርቮችም ላይ ይገኛሉ። የመከላከል አቅማችን ብርቱ እስከሆነ ድረስ ቫይረሱ አሥርት ዓመታት ዝም ሊል ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ወይም መከላከያችን በሕመም፣ በመድኃኒት ወይም በሌላ ምክንያት ሲዳከም ይነቃል፤ በነርቩም መሥመር ተመልሶ ወደ ቆዳ ይወርዳል። ሽፍታው በአንድ ወገን፣ በአንድ ቀበቶ የሚወሰነው ከአንድ ክምችት ስለሚነሳ ነው። የት እንደሚወጣ የሚወስነው ቫይረሱ ያንቀላፋበት ቦታ ነው።

ራምሴ ሀንት ምን አየ?

ጄምስ ራምሴ ሀንት በ1872 ተወልዶ በ1937 ያረፈ፣ በኒው ዮርክ ያስተማረ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም ነው። በ1907 ባሳተመው ጽሑፍ ሽፍታው በውጫዊው ጆሮ ላይ፣ መዳከሙም በፊት ላይ በአንድ ጊዜ የሚታይባቸውን በሽተኞች ሰብስቦ አንድ ማብራሪያ ሰጠ። የፊት ነርቭ ጡንቻን የሚያዝ ብቻ ሳይሆን የስሜት ክፍልም ያለው ነው፤ የስሜት ሕዋሳቱም የሚገኙት ጀኒኩሌት ጋንግሊዮን በተባለው ክምችት ውስጥ ነው፤ ሕመሙም የሚነሳው ከዚያ ነው አለ። ጀኒኩሌት የሚለው ቃል በላቲን ጉልበት ከሚለው የመጣ ነው፤ ነርቩ በዚያ ቦታ እንደታጠፈ ጉልበት ስለሚታጠፍ ነው።

ኋላ ላይ የተደረጉ የአስከሬን ምርመራዎች ብግነቱ በክምችቱ ብቻ እንደማይወሰን፣ በነርቩ ግንድም እንደሚሰራጭ አሳይተዋል። የሀንት ዋና ሐሳብ ግን ጸንቶ ቆሟል። ስሙ ለሌላ የአንጎል ሕመምም ስለተሰጠ አንዳንድ ጸሐፊዎች ለጆሮው ሕመም ኸርፐስ ዞስተር ኦቲከስ የሚለውን መጠሪያ ይመርጣሉ።

በአጥንት ዋሻ ውስጥ ያለ ነርቭ

ምልክቶቹን በቃል ከመሸምደድ ይልቅ የነርቩን መንገድ መከተል ይሻላል፤ መንገዱን ያወቀ ምልክቱን ራሱ ያወጣዋል።

ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ፣ ማለትም የፊት ነርቭ፣ ከአንጎል ግንድ ወጥቶ ከስምንተኛው፣ ከመስማትና ከሚዛን ነርቭ፣ ጋር ጎን ለጎን በአንድ የአጥንት መተላለፊያ ይገባል። ከዚያ ተለይቶ ቴምፖራል በተባለው አጥንት ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ ዋሻ ያቋርጣል። የዋሻው መግቢያ ስፋት ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ማንኛውም ሕብረ ሕዋስ ሲቆጣ ያብጣል፤ አጥንት ግን አይለጠጥም። ስለዚህ ያበጠው ነርቭ በራሱ ዋሻ ይታነቃል፣ የደም ዝውውሩም ይቀንሳል። ቫይረሱ በቀጥታ ከሚያደርሰው ጉዳት በተጨማሪ ይህ መታነቅ ጊዜን ጠላት ያደርገዋል።

ነርቩ በጉዞው ቅርንጫፎችን ይሰጣል። አንዱ ወደ እንባ ዕጢ ይሄዳል፤ ሲጎዳ ዓይን ይደርቃል። ሁለተኛው እርካብ ከምትባለው ትንሽ የመካከለኛ ጆሮ አጥንት ጋር የተያያዘችውን ጡንቻ ያዝዛል፤ ይህች ጡንቻ ኃይለኛ ድምፅን የምታለዝብ ስለሆነች ስትሽመደመድ በሽተኛው የሰሐን ኳኳታ እንኳ ይረብሸዋል። ሦስተኛው ከፊተኛው ሁለት ሦስተኛ የምላስ ክፍል ጣዕምን ያመጣል፤ ሲጎዳ ምግብ ጣዕሙን ያጣል። ጥቂት የስሜት ክሮችም የጆሮን ጎድጓዳ ክፍልና የጆሮ ቀዳዳን ቆዳ ያዳርሳሉ፤ ሽፍታው የሚወጣው በዚያ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በላንቃና በምላስ ላይ ይታያል። የቀረው ታላቁ ክፍል ከጆሮ ሥር ወጥቶ ግንባርን፣ የዓይን ቆብን፣ ጉንጭንና ከንፈርን ያንቀሳቅሳል።

ስምንተኛው ነርቭ ጎረቤቱ በመሆኑ ብግነቱ ወደ እርሱም ይሻገራል። ያን ጊዜ የመስማት መቀነስ፣ የጆሮ ጩኸት፣ ዓለም የምትሽከረከር የሚያስመስል ማዞር፣ ማስመለስና የዓይን መርገብገብ ይከተላሉ። በዚህ ምክንያት በፊት መጣመም የመጣን ሰው «ትሰማለህ? ያዞርሃል?» ብሎ መጠየቅ የነርቩን መንገድ መመርመር ነው።

ተረኛው ሐኪም ምን ይመልከት?

አሁን ተማሪዎቻችን በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆናችሁ አስቡ። አንዲት እናት በነጠላ ፊታቸውን ሸፍነው ይመጣሉ። ጆሯቸውን ለሦስት ቀን እንደ ጦር ሲወጋቸው ቆይቶ ዛሬ ጠዋት ሻይ ሲጠጡ በከንፈራቸው ጥግ ፈሰሰ። ቤተሰቡ ስትሮክ ነው ብሎ ደንግጧል፤ ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አሽትቷል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጉዳቱ ከአንጎል ነው ወይስ ከነርቩ የሚል ነው። «እማማ፣ እስቲ ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ» በሏቸው። ግንባር ከሁለቱም የአንጎል ወገኖች ትእዛዝ ስለሚያገኝ፣ በተለመደው የአንጎል ስትሮክ የላይኛው ፊት ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ የነርቩ ግንድ ሲጎዳ ግን ግንባሩም አይጨማደድም፣ ዓይኑም አይከደንም። ይህ ልዩነት ፍጹም አይደለም። በአንጎል ግንድ ላይ የሚደርስ ጉዳት ሁለቱንም ሊያስመስል ስለሚችል የእጅና የእግር ድካም፣ የንግግር መተሳሰርና የሰውነት ሚዛን አብሮ መመርመር አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ነርቩን የጎዳው ምንድን ነው የሚል ነው። ብዙዎች በዚህ ቦታ ቸኩለው «ቤልስ ፖልሲ ነው፣ በራሱ ይድናል» ይላሉ። ቤልስ ፖልሲ የሚባለው ግን ሌላው ምክንያት ሁሉ ተፈልጎ ሲታጣ ነው። ስለዚህ ነጠላውን ወይም ሻሹን አንሡ፤ የጆሮውን ጎድጓዳ፣ ከጆሮ ኋላ ያለውን ቆዳ፣ ቀዳዳውንና ታምቡሩን በመብራት ተመልከቱ፤ አፍ አስከፍታችሁ ላንቃውን እዩ። ውሃ የቋጠሩት ጥቃቅን እብጠቶች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ከፊቱ መጣመም በፊት፣ ከእርሱ ጋር ወይም ከቀናት በኋላ ሊወጡም ይችላሉ። ዛሬ ባዶ የነበረ ጆሮ ከነገ ወዲያ ሽፍታ ሊያወጣ ስለሚችል በሽተኛውን መልሶ መቅጠር የምርመራው አካል ነው። ጨርሶ ሽፍታ ሳይወጣ ቫይረሱ ነርቩን የሚጎዳበት ጊዜም አለ። ከቤልስ ፖልሲ የበረታ የጆሮ ሕመም፣ ማዞር ወይም የመስማት መቀነስ ካለ ጥርጣሬአችን ሊጨምር ይገባል።

ሌሎች ሕመሞችም ይህን መልክ ይይዛሉ። መግል የሚወርደው የቆየ የጆሮ ሕመም አጥንቱን በልቶ የፊት ነርቭን ሊነካ ይችላል። የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ደግሞ አደገኛ የውጫዊ ጆሮ ኢንፌክሽን በከባድ ሕመምና በፊት መጣመም ሊመጣ ይችላል። ሁለቱም ሌላ ሕክምና ይፈልጋሉ። ጆሮን ማየት አንድ ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ይለያል።

የመስማት መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ጤና ተቋም ቲዩኒንግ ፎርክ የተባለችው የብረት ሹካ ትበቃለች። መትታችሁ በግንባር መካከል ስታስቀምጧት ድምፁ ወደ ጤነኛው ጆሮ የሚያደላ ከሆነ፣ በታመመው ወገን የመስማት ነርቩ ወይም የውስጥ ጆሮው እንደተጎዳ ታመለክታለች።

ጊዜና ማስረጃ

ሕክምናው ሁለት ምሰሶዎች አሉት። አንደኛው ቫይረሱን የሚገታ መድኃኒት ነው፦ በአዋቂ ሰው አሲክሎቪር 800 ሚሊ ግራም በቀን 5 ጊዜ፣ ወይም ቫላሲክሎቪር 1,000 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን። መጠኑ እንደ ኩላሊት አቅም ይስተካከላል። ሁለተኛው እብጠቱን ለመቀነስ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ነው፤ የስኳር ሕመምን፣ የደም ግፊትንና የተደበቀ ኢንፌክሽንን ግምት ውስጥ አስገብቶ ይሰጣል። ሕመሙን ማስታገስና ማዞሩን መቆጣጠርም ቸል የሚባሉ አይደሉም።

በ1997 ሙራካሚና ባልደረቦቹ ከጃፓን ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ደጋግሞ ይጠቀሳል። ሁለቱን መድኃኒቶች ከወሰዱ 80 በሽተኞች መካከል በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከጀመሩት 75 በመቶው የፊታቸውን እንቅስቃሴ ሙሉ በሙሉ መልሰው አገኙ። ከ7 ቀን በኋላ ከጀመሩት ግን እንዲህ የዳኑት 30 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመካከሉ የጀመሩት ከሁለቱ መካከል ናቸው።

እንደ መምህር ግን በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ማከል አለብኝ። ይህ በዕጣ የተመደበ ንጽጽር አይደለም። ዘግይቶ ወደ ሐኪም የሚመጣ ሰው ምናልባት በራሱ ያልተሻለው፣ ሕመሙ የበረታበት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ልዩነቱን ሁሉ ለመድኃኒቱ መስጠት ስሕተት ይሆናል። በ2008 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በፀረ ቫይረስ ሕክምና ላይ መስፈርቱን ያሟላ አንድ አነስተኛ ጥናት ብቻ አገኘ፤ በውስጡ የነበሩት 15 ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ማስረጃው ደካማ ከሆነ ለምን እንሰጣለን? ቫይረሱ በነርቩ ውስጥ እየተባዛ መሆኑን እናውቃለን፤ መድኃኒቱ በሌላው የአልማዝ ባለጭራ ዓይነት እንደሚሠራ እናውቃለን፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው፤ ያለመስጠት ዋጋ ደግሞ የማይመለስ ሊሆን ይችላል። ሕክምና ፍጹም ማስረጃ እስኪገኝ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ነገር ግን የማስረጃውን ልክ ለራሱም ለበሽተኛውም በግልጽ መናገር አለበት።

ዓይንን መጠበቅ

ሁላችን ጆሮንና አፍን ስንመለከት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ዓይን ሊሆን ይችላል። የማይከደን ዓይን ይደርቃል፤ እንባም ከቀነሰ አደጋው እጥፍ ነው። ኮርኒያ ቆስሎ ጠባሳ ከያዘ ፊቱ ቢድን እንኳ ብርሃኑ ላይመለስ ይችላል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ፣ ማታ ማታ ቅባትና የዓይንን ቆብ በጥንቃቄ በፕላስተር መዝጋት፣ ከአቧራና ከነፋስ መከለል ነው። ዓይን ከቀላ፣ ካመመ ወይም ከደበዘዘ ያለ መዘግየት የዓይን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከዚያ በኋላ

ከቤልስ ፖልሲ አብዛኛው ሰው ያለ ሕክምና እንኳ ይድናል፤ ራምሴ ሀንት ሲንድሮም ግን ከእርሱ የከፋ ነው። ነርቩ እንደገና ሲያድግ ክሮቹ መንገድ ይሳሳታሉ፤ ያን ጊዜ ሰውየው ፈገግ ሲል ዓይኑ ይጨፈናል፤ ለምራቅ የታሰበው ክር ወደ እንባ ዕጢ ከሄደ ምግብ ሲበላ ያለቅሳል። ሽፍታው ከደረቀ በኋላም ሕመሙ ወራት ሊቆይ ይችላል። «ባለጭራ» የሚለው ስም ከየትም ይምጣ፣ ለዚህ የማይለቅ ሕመም የተስማማ ሆኖ አገኘዋለሁ። የፊት ፊዚዮቴራፒ፣ በቦታው የሚወጋ ቦቱሊነም ቶክሲንና በአንዳንድ ሰዎች ላይ ቀዶ ሕክምና የቀረውን ጉዳት ያቃልላሉ።

ፊት ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝበት ነው። በ2022 ዘፋኙ ጀስቲን ቢበር ፊቱ በአንድ ወገን አልንቀሳቀስ ማለቱን ራሱ በቪዲዮ ሲያሳይ፣ ብዙ ሰው የሕመሙን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። የእኛ በሽተኞች ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊታቸውን ሸፍነው ከሰርግና ከለቅሶ ይቀራሉ። ስለዚህ ስለ ስሜታቸው መጠየቅ ከሕክምናው ውጭ የሆነ ደግነት አይደለም፤ ሕክምናው ራሱ ነው።

ሐሜትንና ፍርሃትን ስለ መለየት

በወጣት ላይ የወጣ አልማዝ ባለጭራ የኤች አይ ቪ ምልክት ሊሆን እንደሚችል በአፍሪካ የታወቀ ነገር ነው። ይህ እውነት ምርመራን ሊያስቀድም ሲገባው ብዙ ጊዜ ሐሜትን አስቀድሟል። ሁለት ነገሮችን አጥብቀን እንያዝ። ምርመራውን ለበሽተኛው በክብርና በፈቃድ ማቅረብ ግዴታችን ነው፤ ቀድሞ የታወቀ ሕይወት ያድናልና። በሌላ በኩል አልማዝ ባለጭራ ጉድፍ የያዘውን ማንንም ሰው ሊያገኝ ይችላል፤ በአሜሪካ በሕይወት ዘመን ከ3 ሰዎች 1ዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል። ሽፍታ የወጣበት ሰው ሁሉ ኤች አይ ቪ አለበት ማለት ፈጽሞ ስሕተት ነው።

ስለ መተላለፍም ይጠየቃል። አልማዝ ባለጭራ እንደ አልማዝ ባለጭራ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ነገር ግን ከእብጠቶቹ የሚወጣው ፈሳሽ ጉድፍ ይዞት የማያውቅን ሰው በጉድፍ ሊያስይዝ ይችላል። ስለዚህ ሽፍታው ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ከነፍሰ ጡሮች፣ ከአራስ ሕፃናትና መከላከያቸው ከደከመ ሰዎች መራቅ ይገባል። በሞቃት አገሮች ብዙ ሰው ለአካለ መጠን እስኪደርስ ጉድፍ ላይዘው ስለሚችል ይህ ምክር ለአዋቂዎችም ይሠራል።

መከላከያም አለ። ጃፓናዊው ሚቺያኪ ታካሃሺ በ1974 የጉድፍን ክትባት አስተዋወቀ። ለአልማዝ ባለጭራ በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ሺንግሪክስ የተባለው ክትባት በሙከራዎቹ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ከ90 በመቶ በላይ ተከላክሏል። በውጭ አገር ወላጆች ወይም ዘመዶች ያሏችሁ ስለ ክትባቱ ሐኪማቸውን እንዲጠይቁ ብታስታውሷቸው መልካም ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ እንድትወጡ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ፊቱ የተጣመመ ሰው ሲመጣ ግንባሩን አስነሡት፣ ጆሮውንና ላንቃውን እዩ፣ መስማቱን ጠይቁ፣ ዓይኑን ሸፍኑ፣ መድኃኒቱን በ72 ሰዓት ውስጥ ለማስጀመር ትጉ፤ ካለፈም ተስፋ ቆርጣችሁ አትተዉት። «ምች ነው» ብሎ የቆየውን ሰው አትገሥጹት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጎረቤቱን ፈጥኖ የሚያመጣው እርሱ ነውና አስተምሩት።